እመጫት ከአራስ ቤት ከወጣች በኋላ የሚነሣው ሕመም

በሐበሻ ልማድ አንዲት ሴት በደኅና ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማይላት ዘመድና ጎረቤት አይገኝም። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይፈላል፤ ብርድ እንዳያገኛት ትሸፈናለች፤ ከባድ ሥራ እንዳትነካም እናቷ ወይም እኅቷ ከሩቅ አገር ሳይቀር መጥታ ቤቱን ትረከባለች። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንዱ ልጅ በአርባ፣ ሴቷም ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ፤ በእስላሙም ዘንድ አርባው ቀን እስኪፈጸም ድረስ፤ እመጫቲቱ በገዛ ቤቷ እንደ ክቡር እንግዳ ሆና ትሰነብታለች። ይህ ከእናቶቻችን የተቀበልነው ልማድ የሚያስመሰግን ነው፤ የዘመኑም ሐኪም ለወለደች ሴት ዕረፍትና መልካም ምግብ፣ የሰውም ርዳታ እንደሚያስፈልጋት ሲናገር ይህንኑ ያጸናል።

ነገር ግን ክርስትናው ተነሥቶ ድግሱ ካለቀ፣ ዘመድም ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ «ሕፃኑ እንዴት አደረ?» የሚል እንጂ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ እናቲቱን የሚጠይቅ ሰው እየጠፋ ይሄዳል። ሐኪም ቤቱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት ካያት በኋላ የወሊዷን መዝገብ ይዘጋል። ዛሬ ለአንባብያን ልንገልጽ የወደድነው ሕመም ግን የሚነሣው ጠያቂው ከሄደና መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይኸውም በአንገት ፊት የምትገኘው የእንቅርት ዕጢ፣ ሐኪሞች ታይሮይድ የሚሏት፣ ሴቲቱ በወለደች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የምትታወክበት ሕመም ነው። ሰው በማይጠብቀው ወራት ስለሚመጣ ስሙ ሳይነገር ያልፋል፤ ስሙም ስላልተነገረ ሴቲቱ ያልሆነችውን ስትባል ትኖራለች።

የሕመሙ ሁለት መልክ

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሁለት መልክ ይታያል። የመጀመሪያው መልክ ከወለደች ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ሴቲቱ ሳትሮጥ ልቧ በኃይል ይመታል፤ እጅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ሰው በሚበርደው ሰዓት እርስዋን ይሞቃታል፣ ያልባታልም፤ እየበላች ትከሳለች፤ ሕፃኑ ተኝቶላት እንኳ እርስዋን እንቅልፍ ይርቃታል። ጠባይዋም ይለወጣል፤ በትንሹ ነገር ትቆጣለች፣ ትነጫነጫለች። በዚህ ጊዜ ባልና ጎረቤት «አራስ ነብር ሆነች» እያሉ አንዱ ይሥቅባታል፣ አንዱም ይሸሻታል። ይህ መልክ ጥቂት ሳምንት ወይም ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ በራሱ ያልፋልና «አመሏ ተመለሰላት» ተብሎ ነገሩ ይረሳል።

ሁለተኛው መልክ አብዛኛውን ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባለው ጊዜ ይነሣል፤ የፊተኛውም ተቃራኒ ነው። ይሞቃት የነበረችው ሴት አሁን ይበርዳታል። ሰውነቷ ይከብዳታል፤ ትናንት በአንድ ሰዓት ትፈጽመው የነበረው ሥራ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ይፈጅባታል። ቆዳዋ ይሻክራል፤ ጠጉሯ ይረግፋል፤ ሆዷ ይደርቃል፤ የሰማችውን ትረሳለች፤ ወተቷም ሊያንስ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳት ግን ኀዘን ነው። ደስ ሊላት በሚገባው ጊዜ ልቧ ይጨልማል፤ ስለምን እንደምታለቅስም ራሷ አታውቀውም።

ይህን የሚያይ ዘመድ ምክንያቱን ከሚያውቀው ነገር ውስጥ ይፈልጋል። አንዱ የአራስ ብርድ ነው ይላል፤ አንዱ ምች ነው ይላል፤ አንዱ የሰው ዓይን፣ ሌላውም ዛር ነው ይላል። የተማረውም ሰው ቢሆን «ልጅ ማሳደግ ያደክማል» ብሎ ያልፈዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን «ሰነፈች፤ ቤቷን ጠላች፤ ባሏን ናቀች» የሚለው ፍርድ ነው። ሕመም እንደ ጥፋት ተቈጥሮ ክስ ሲሆንባት፣ በመጨረሻው ሴቲቱ ራሷ በራሷ ላይ መፍረድ ትጀምራለች።

ዕጢዋና ሥራዋ

የእንቅርት ዕጢ ከማንቁርት በታች፣ ክንፏን እንደዘረጋች ቢራቢሮ ሆና የተቀመጠች ናት፤ ክብደቷም በሙሉ ሰው ላይ 20 ግራም ያህል ነው። መጠኗ ትንሽ ቢሆንም ሥራዋ ታላቅ ነው። ከምግብና ከጨው ጋር የሚገባውን አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከደም ለቅማ ሆርሞን ትሠራበታለች። ይህም ሆርሞን በደም አማካይነት ወደ መላው አካል ተዳርሶ ልብ በምን ፍጥነት እንዲመታ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንዲያወጣ፣ አንጀት እንዴት እንዲንቀሳቀስ፣ አእምሮም እንዴት እንዲነቃ ይመራል። ሆርሞኑ ሲበዛ ሁሉ ይፈጥናል፤ ሲያንስ ሁሉ ይዘገያል። ከዚህ በላይ የገለጽናቸው ሁለቱ መልኮች የዚህ መብዛትና ማነስ ምልክቶች ናቸው።

ሕዝባችን ይህችን ዕጢ የሚያውቃት ስታብጥ ነው፤ መከራ በመከራ ላይ ሲደረብም «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል። በእመጫት ላይ የሚደርሰው ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ጎልቶ በሚታይ እብጠት አያስታውቅም። ዕጢዋ ብታብጥም እብጠቱ ጥቂት ነው፤ ሲነካም አያማትም። እንግዲህ «አንገቷ ደኅና ነው፤ እንቅርት የለባትም» ማለት ዕጢዋ ደኅና ናት ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

የሕመሙ መነሻ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። በደማችን ውስጥ ከውጭ የሚገባውን ጠላት ለይተው የሚዋጉ ተከላካዮች አሉ። ሴት ስታረግዝ፣ ፅንሱ በከፊል ከአባቱ የመጣ ባዕድ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ዘበኞች እንዳይጎዱት ክንዳቸውን ያላላሉ። ልጁ ከተወለደ በኋላ ወደ ቀድሞው ትጋታቸው ይመለሳሉ፤ በአንዳንድ ሴት ላይ ግን ከልክ አልፈው ይመለሱና የገዛ ቤታቸውን ሰው እንደ ሌባ ይመቱታል። በዚህ ሕመም የሚመታው የእንቅርት ዕጢ ነው። ሕመሙ ከሚደርስባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ከመውለዳቸው አስቀድሞ በደማቸው ውስጥ ዕጢዋን የሚቃወሙ ፀረ አካላት የነበሩባቸው ናቸው፤ መውለድ የተኛውን ጠብ ቀሰቀሰው እንጂ አልፈጠረውም።

ሁለቱ መልኮች ስለምን ተከታትለው እንደሚመጡ የጎተራን ነገር ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ዕጢዋ ለብዙ ሳምንት የሚበቃ ሆርሞን አስቀድማ ሠርታ የምታከማች ጎተራ ናት። ጎተራው ተመትቶ ሲቀደድ ያከማቸው ሁሉ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በደጅ ላይ የፈሰሰውን እህል የሚያይ መንገደኛም ጥጋብ ይመስለዋል። የፈሰሰው ካለቀ በኋላ ግን ጎተራው ባዶ ነው፤ አዲስ እህልም ገና አልገባበትም፤ ያን ጊዜ ረኃብ ይመጣል። በመጨረሻም ቀዳዳው ሲጠገን ጎተራው እንደገና ይሞላል። በእመጫቲቱም ላይ የሚሆነው እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ትርፍ፣ ቀጥሎ እጥረት፣ ኋላም ብዙውን ጊዜ ወደ ደኅናው መመለስ። ይሁን እንጂ ሁሉም ሴት በሁለቱም አታልፍም፤ አንዳንዷ የመጀመሪያውን ብቻ፣ አንዳንዷም ሁለተኛውን ብቻ ታያለች።

ሐኪሞች እንዴት ደረሱበት

ነገሩ አዲስ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካሌብ ፓሪ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ባዝ በምትባለው ከተማ በ1786 አንዲት የ37 ዓመት ባለትዳር መርምሮ ነበር። ይህች ሴት ከስድስት ዓመት በፊት በአራስነቷ ብርድ አግኝቷት ከታመመች ጀምሮ ልቧ በኃይል ይመታ ነበር፤ በኋላም ወልዳ ሦስት ወር ያህል ሲሆናት፣ ልጅዋን እያጠባች ሳለ፣ በአንገቷ ላይ እብጠት ታየ። ፓሪ ያየው ሕመም ዛሬ የግሬቭስ በሽታ የሚባለው ነው፤ ጽሑፉም የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1825 ነበር። የአራስ ብርድ የሚለው ምክንያት በእኛ አገር ብቻ የሚነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለው ሐኪም በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ፣ ዕጢዋ ሥራ አቁማባት ሰውነቷ የደነዘዘባትን አንዲት ሴት ከበግ የእንቅርት ዕጢ በተጨመቀ መድኃኒት ወጋት። ሴቲቱ ተሻላት፤ ሕክምናውም ሳይቋረጥ እስከ 1919 ድረስ ኖረች። ከዚያ ወዲህ፣ በ1914 ኤድዋርድ ኬንዳል በአሜሪካ የሆርሞኑን ንጹሕ ቅንጣት ለይቶ ለማውጣት ቻለ። እንግዲህ የሁለተኛው መልክ መድኃኒት ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ይታወቅ እንጂ፣ የእመጫት ድካም ከዚህች ዕጢ ሊመጣ እንደሚችል ያስተዋለው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1948 ሮበርተን የተባለ የኒው ዚላንድ ሐኪም፣ ከወለዱ በኋላ ድካምና ብርድ፣ የጠጉርም መለወጥ የደረሰባቸውን ሴቶች በዕጢ ጭማቂ ቢያክማቸው እንደተሻላቸው በብሪታንያ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ጻፈ። ይህ ሰው የታላቅ ሆስፒታል ሊቅ ሳይሆን ቤተ ሰቦችን የሚያክም ተራ ሐኪም ነበር፤ ያደረገውም ነገር ቢኖር ሴቶቹ የነገሩትን ቃል እንደ ተራ እሮሮ ሳይቈጥር መስማቱ ነው። ከዚያም በ1956 ሰውነት የገዛ ዕጢውን የሚቃወም ፀረ አካል ሊያወጣ እንደሚችል በእንግሊዝና በአሜሪካ ተረጋገጠ። በጃፓን ደግሞ ኖቡዩኪ አሚኖና ባልደረቦቹ የወለዱ ሴቶችን ተከታትለው በ1982 ባሳተሙት ጥናት ከ100 ሴቶች ከ5 የሚበልጡት በዚህ ሕመም እንደሚያልፉ ገለጹ። ዛሬ በየአገሩ የሚሰጠው ግምት ባብዛኛው ከ100 ሴቶች ከ5 እስከ 10 ነው። ይህም ከ20 እመጫቶች አንዷ ወይም ሁለቱ ማለት ስለ ሆነ፣ ሕመሙ ብርቅ ነው ሊባል አይችልም።

ከሌሎች ይልቅ የሚያሰጋቸው ሴቶችም አሉ። እነርሱም ከዚህ ቀደም ወልደው ይህ ሕመም የደረሰባቸው፤ ከልጅነት ጀምሮ ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች፤ ከወላጆቻቸው ወይም ከእኅቶቻቸው መካከል የእንቅርት ዕጢ ሕመም ያለባቸው፤ በደማቸውም ውስጥ አስቀድሞ ፀረ አካል የተገኘባቸው ናቸው። በተለይም አንድ ጊዜ ታማ የዳነች ሴት፣ ቀጥሎ ስትወልድ ከ10 ጊዜ 7ቱን ያህል ሕመሙ ሊመለስባት እንደሚችል ስለ ታወቀ፣ ይህን ለሐኪሟ አስቀድማ ልትነግረው ይገባል።

ምርመራውና ሕክምናው

ሕመሙን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። ዕጢዋን የሚያዝ ቲ.ኤስ.ኤች. የተባለ ሆርሞን ከአንጎል በታች ካለችው ዕጢ ይወጣል፤ የእንቅርት ዕጢ ስትሰንፍ አዛዧ አብዝቶ ይጮኻል፤ ከልክ በላይ ሆርሞን በደም ሲኖር ዝም ይላል። ስለዚህ የዚህን አዛዥ መጠንና የዕጢዋን የራሷን ሆርሞን በደም ውስጥ በመለካት ሐኪሙ ሴቲቱ በየትኛው መልክ ላይ እንዳለች ያውቃል።

የመጀመሪያው መልክ ከግሬቭስ በሽታ ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በግሬቭስ በሽታ ዕጢዋ ሳታቋርጥ ከልክ በላይ ትሠራለች፤ በአንዳንዱም ሰው ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሕክምናውም ሥራዋን የሚገታ መድኃኒት ነው። አሁን በምንናገርበት ሕመም ግን ሆርሞኑ የበዛው ተሠርቶ ሳይሆን ከተቀደደው ጎተራ ፈስሶ ነውና ሥራ የሚገታው መድኃኒት አይጠቅምም። የልብ ምቱና መንቀጥቀጡ ካስቸገራት ሐኪሙ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ልብን የሚያረጋጋ መድኃኒት ለጊዜው ያዝላታል፤ ካላስቸገራት ደግሞ በየጥቂት ሳምንቱ ደሟን እያየ ይጠብቃል። ሁለቱን ለመለየት የፀረ አካል ምርመራ ሊደረግ ይችላል፤ ጨረር ባለው አዮዲን የሚደረገውን ምርመራ ግን የምታጠባ እናት፣ ማጥባቷን ለሐኪሙ ሳታስታውቅ ልትቀበለው አይገባም።

ለሁለተኛው መልክ፣ እጥረቱ ከበዛ ወይም ምልክቱ ካየለባት፣ የጎደለውን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የተባለ እንክብል ይሰጣታል። ይህ መድኃኒት ዕጢዋ ራሷ ከምትሠራው ሆርሞን ጋር አንድ ስለ ሆነ የምታጠባ እናት ያለ ሥጋት ትወስደዋለች። አወሳሰዱ ግን ሥርዓት አለው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መዋጥ አለበት። በእኛ አገር ጠዋት ቡና ይቀድማልና ይህ በተለይ ሊነገር ይገባዋል፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። ደም እንዲተካ ለወለደች ሴት የሚታዘዘው የብረት እንክብልም እንዲሁ ያግደዋልና በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ያህል ሊለያይ ይገባል። መድኃኒቱን በትእዛዝ እየወሰደች ያልተሻላት ሴት ብትኖር አስቀድሞ የሚጠየቀው «በምን ሰዓት፣ ከምን ጋር ትውጪዋለሽ?» የሚለው ነው።

አብዛኞቹ ሴቶች ዓመቱ ሳይሞላ ይድናሉ፤ ሐኪሙም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ካከማት በኋላ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ይፈትናል። ከ10 ሴቶች አንዷ ወይም ሁለቱ ግን ዕጢያቸው ሳትመለስ ትቀርና መድኃኒቱን ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ። የዳነችውም ከዓመታት በኋላ እጥረቱ ሊመለስባት ስለሚችል በየዓመቱ ደሟን ማስመርመር ይገባታል። እንደገና ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት ደግሞ መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ የለባትም፤ የእናት ሆርሞን ለፅንሱ አእምሮ እድገት አስፈላጊ ነውና።

ስለ ጨው

እንቅርት ሲነሣ የጨው ነገር አብሮ ይነሣል፤ የጨውን ነገር ደግሞ የምጽዋና የዓሰብ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። አዮዲን በጨው ላይ የሚጨመረው ዕጢዋ ለሥራዋ የሚያስፈልጋትን እንድታገኝ ነው። ኢትዮጵያ አዮዲን የገባበትን ጨው ከኤርትራ ታገኝ ነበር፤ በ1998 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ መንገድ ተዘጋና አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ። በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው የኢትዮጵያ ሴቶች 35.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው ታወቀ። በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በተደረገው ቆጠራ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤተ ሰቦች 15 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በ2016 ግን 89 በመቶ ሆኑ። አንድ ደንብና የነጋዴዎች መታዘዝ በአምስት ዓመት ምን ያህል ሊሠሩ እንደሚችሉ ይህ ቁጥር ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ነገር መለየት ይገባል። በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት ሌላ ነው፤ የሰውነት ዘበኞች ተሳስተው የሚያመጡት የእመጫት ሕመም ሌላ ነው። ያረገዘችና የምታጠባ እናት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል፤ ሌላው ሰው ግን 150 ይበቃዋል። ይህን አዮዲን ካለበት ጨውና ከምግቧ ማግኘት መልካም ነው። ሆኖም «እንቅርት ነው» ተብላ ብዙ አዮዲን በራሷ ፈቃድ ብትወስድ የተቆጡትን ዘበኞች ይበልጥ ልታስቆጣ ትችላለች፤ ጎተራው የተቀደደው እህል በማጣት አይደለምና። ለነጋዴውም የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ አዮዲን በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚጠፋ የጨው ጆንያ በግቢ ተገልጦ ሊሰነብት አይገባም።

ለሹማምንትና ለነጋዴዎች

የዚህ ሕመም መከላከያ ክትባት የለውም፤ ነገር ግን በጊዜው ለማወቅ አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልግም። በኢትዮጵያም ሆነ በኤርትራ ሕፃናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ቀጥሎም በዘጠነኛው ወር ለክትባት ይወሰዳሉ። ይዘዋቸው የሚመጡት እናቶቻቸው ናቸው። አሥራ አራተኛው ሳምንት የመጀመሪያው መልክ በሚታይበት፣ ዘጠነኛውም ወር የሁለተኛው መልክ ችግር ገና ባልለቀቀበት ጊዜ ላይ ይውላል። እንግዲህ ሴቲቱ በትክክለኛው ወር፣ በትክክለኛው ደጅ ላይ ቆማ ሳለ፣ ሕፃኑ ተመዝኖና ተወግቶ እርስዋ ምንም ሳትጠየቅ ትመለሳለች። ነርሷ «ልብሽ ይመታል ወይ? ይበርድሻል ወይ? ድካሙ ከእንቅልፍ በኋላም አይለቅም ወይ? ልብሽ ያዝናል ወይ?» ብላ አራት ጥያቄ ብትጠይቃትና ምልክት ያለባትን ለደም ምርመራ ብትልካት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ይህን ጥያቄ በክትባቱ ካርድ ጀርባ ማሳተም የአንድ ጤና ሹም ትእዛዝ ብቻ ይበቃዋል።

ሠራተኛ የሚያስተዳድር ሰውም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሴት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ፈቃድ ይሰጣታል። ወደ ሥራዋ የምትመለሰው በአራተኛው ወር መግቢያ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህም ሕመሙ ከሚነሣበት ወራት ጋር ይገጥማል። ከመውለዷ በፊት ትጉህና ጠንቃቃ የነበረች ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ፣ ከተመለሰች በኋላ ስትረሳና ስትዘገይ፣ ወይም ያለ ልማዷ ስትቆጣ ብትታይ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ወደ ሐኪም መላክ ለመሥሪያ ቤቱም ይጠቅማል። ልምድ ያላትን ሠራተኛ አሰናብቶ አዲስ ከማስተማር የደም ምርመራው እንደሚቀልል ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

መድኃኒት አስመጪውና የመድኃኒት ቤት ባለቤትም ድርሻ አላቸው። ሌቮታይሮክሲን በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ሙቀትና ብርሃን ኃይሉን ያደክሙታል፤ በቆላና በባሕር ዳር ሙቀት በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የሰነበተ ሣጥን ስሙ እንጂ ኃይሉ ላይኖር ይችላል። እንዲሁም በየወሩ የሚቋረጥ መድኃኒት ሴቲቱን ካለችበት ወደ ኋላ ይመልሳታል። ስለዚህ ቀዝቃዛና ደረቅ ሥፍራ፣ ያልተቋረጠም አቅርቦት ያስፈልገዋል።

መለየት ስለሚገባው ነገር

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ፣ የወለደች ሴት ድካም ሁሉ ከእንቅርት ዕጢ ነው ለማለት አይደለም። በወሊድ ጊዜ በፈሰሰ ደም ምክንያት የሚመጣ የደም ማነስ አለ፤ ሌሊት ሙሉ ሕፃን ሲያለቅስ ያደረ ሰውም ይደክማል። የእመጫት የኀዘን ሕመም ደግሞ ዕጢዋ ደኅና ሆና ሳለ ራሱን ችሎ የሚመጣ፣ የራሱም ሕክምና ያለው ነው። ራሷን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ የመጣባት እናት ብትኖር ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ ብቻዋንም አትተው። በምጥ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሷት የነበረች ሴት፣ ወተቷ ጨርሶ ካልመጣና የወር አበባዋ ካልተመለሰ፣ ችግሩ ከአንጎል በታች ካለችው አዛዥ ዕጢ ሊሆን ይችላልና ይህን ታሪኳን ለሐኪሙ ትንገረው፤ ያን ጊዜ የቲ.ኤስ.ኤች. ልክ ብቻውን ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህ ሕመም ግን የሚደበቀው በሴቲቱ ፈቃድ አይደለም፤ ጊዜው ነው የሚደብቀው። ወልዳ ስድስት ወር የሆናት ሴት ሐኪም ቤት ሄዳ «ደከመኝ» ስትል፣ መውለዷን የሚያስታውስ ስለማይኖር እንደ ማንኛውም የደከመ ሰው ታይታ ትመለሳለች። ስለዚህ ባል፣ እናት ወይም እኅት የሆነ ሰው የልጁን የልደት ቀን ከልደቱ ድግስ ሌላ ለዚህም ይቊጠረው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እናቲቱ ወደ ማንኛውም ሐኪም በምትቀርብበት ጊዜ አስቀድማ የምትናገረው ቃል «ከወለድኩ ይህን ያህል ወር ሆነኝ» የሚለው ይሁን። ይህን የሰማ ሐኪም የትኛውን ምርመራ እንደሚያዝ ያውቃል።